ሥጋው ሁሉ በአንድ ሳፋ

ትናንት ታናሽ እህቴ ቅድስት ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች፤ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ «በዚህ መንፈቀ ዓመት የተማርነው የምግብ ምድቦችን ነው፤ ኃይልና ሙቀት ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ» ብላ በዜማ ለቀቀችው። አራተኛ ክፍል ናት። ለወላጆች ቀን ክፍሏን ወክላ የምታቀርበው እሷ መሆኗን ነገረችኝና እንዳስጠናት ለመነችኝ። እናቴ ጓዳ ሆና ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። «ገንቢ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ሲደርስ የቢላዋው ድምፅ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ ብቻዋን ስትስቅ ሰማኋት። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ሰው አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶት፣ ድርሰቱ በሰልፍ ላይ ተነቦለት፣ መምህሮቹ በስሙ እየጠሩ ሰላም እያሉት፣ እንዴት ከአንዲት ቃል ማምለጥ ያቅተዋል?

ያን ጊዜ እኔም አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ብዙ ዓመት አይደለም፤ ሳስበው ግን ሌላ አገር ይመስለኛል። ፓስቲ አንድ ብር ነበር፣ ያውም ትልቁ፣ በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ ዘይቱ እስከ ክንዳችን የሚወርደው። ዛሬ በአንድ ብር ሽታውንም አያሸቷችሁም። የደንብ ልብሳችን ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር፤ የእኔ ከአክስቴ ልጅ የወረደ ስለነበር ሰማያዊነቱ በወሬ ብቻ የቀረ ነው። ሁላችንም የላስቲክ ጫማ እናደርጋለን፤ ዝናብ ሲገባበት በየእርምጃው ይጮኻል፣ አርፍደን ስንገባ የሚያጋልጠንም እሱ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ቀጥ ብለን ቤት አንገባም። መናኸሪያው ጥግ ካለው ፎቶ ቤት ፊት ቆመን በመስታወቱ የሚታዩትን ሙሽሮች እናማለን፤ ይቺ ፊቷን ቀባችው፣ ይሄኛው ሱፉ የሰው ነው እያልን። ከሙሽሮቹ ኋላ የተሳለ ፏፏቴ አለ፤ ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ያገባ ሰው ሁሉ በዚያ ፏፏቴ ሥር ያለፈ ነው። የፎቶ ቤቱ ስፒከር አንዱን የሰርግ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል፤ የአውቶቡስ ረዳቶቹ «ደሴ! ደሴ! የሞላ!» እያሉ በላዩ ላይ ይጮኻሉ፤ ከወግዲ የሚመጣው አይሱዙ ደግሞ ሁላችንንም አቧራ አልብሶን ያልፋል። መንገዱ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚጠፋበት፣ ትልልቅ ሰዎች እኛ ስንገባ ወሬ የሚቀይሩበት ጊዜ ገና አልመጣም ነበር። የዚያን ዘመን ትልቁ ጭንቀቴ ማን የክፍል አለቃ ይሆናል የሚለው ነበር። ሆንኩ ደግሞ።

እናቴ አስካለ ትባላለች። በቀን ሥራዋ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች፤ ሰው የሚያውቃት ግን በሌላ ነው። በእኛ አገር ሰርግ ሁለት ጓዳ አለው። ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ወጡም በሌላ ድስት፣ በሌላ ጉልቻ፣ በሌላ ሴቶች ይሠራል። ሙስሊም ሲድርም ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ነው። በዚህ የሚቀየም የለም፤ እንዲያውም እንግዳን ማክበር ማለት ይኸው ነው። ጣጣው ግን ቀላል አይደለም። ድንኳኑ ሞልቶ፣ ከበሮው እየተመታ፣ ሃያ ሴት በአንድ ጊዜ «ወጥ! ወጥ!» እያለች አንዲት ጭልፋ ከአንዱ ድስት ወጥታ ሌላው ውስጥ ከገባች አለቀ፤ ያ ድስት ለማንም አይሆንም። እናቴ በሁለቱ ጓዳዎች መካከል የምትቆመው ሴት ነበረች። ለሙስሊሙ ድስት ጆሮ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ለክርስቲያኑ ነጭ ጨርቅ ትቋጥራለች። ማን ከየት እንደቀዳ፣ ማን እጁን ሳይታጠብ እንደተሻገረ ከዓይኗ አያመልጥም። ክርስቲያን ሆና ሳለ የሙስሊም ሽማግሌዎች «አስካለ አለችበት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አለች ከተባሉ እጃቸውን ታጥበው ይቀመጣሉ። በዚህ ክፍያ የላትም። ይሄ ግን ስሟ ነበር። ገበያ መሃል ስታልፍ ሰው ከመቀመጫው ብድግ የሚልላት በቅመሙ አልነበረም።

ወደ ክፍላችን ልመለስ። ቲቸር መቅደስ ከደሴ ተመድባ የመጣች ወጣት ነበረች። መጽሐፉ ለሦስት አንድ ስለሚደርሰን የምግብ ምድቦቹን በባዶ የዱቄት ማዳበሪያ ላይ በቀለም ሥላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችልን። ለእያንዳንዱ ምግብ አንድ ሥዕል፤ አንድ እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ ሳህን ሥጋ። ያን መንፈቀ ዓመት የተማርነው ሌላም ነገር ነበር፤ ማባዛት ነበር፣ አቅጣጫ ነበር። እኛን ያሳበደን ግን የምግቡ ነው። በእረፍት ሰዓት የእያንዳንዱን ልጅ ምሳ እያስከፈትን እንመድባለን። ቆሎ የያዘውን «ኃይል ሰጪ ነህ፣ ወደዚያ» እንለዋለን፤ እንቁላል ይዛ የመጣች ልጅ እንደ ንግሥት በመሃል ትቀመጣለች። እኔ ቤት ድረስ ይዤው ገባሁ። አንድ ማታ ማዕድ ቀርቦ አባቴ ሊጎርስ ሲል፣ ይሄ ማዕድ በሽታ ተከላካይ ይጎድለዋል ብዬ ተናገርኩ። እናቴ ወደ ትሪው አየችና «ጎመኑን በዓይንሽ ነው የበላሽው?» አለችኝ።

ለወላጆች ቀን ቲቸር አንድ ነገር አሰበች። የተማርነውን በቃል ብቻ ሳይሆን በጠረጴዛ እናሳያለን፤ ሁላችንም ከቤታችን ትንሽ ትንሽ ምግብ እናመጣለን፣ ሦስት ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ወላጆቻችን ትምህርቱን ሰምተው ሲያበቁ አብረው ይበላሉ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለ የፍስክ ቅዳሜ ነበር። የእኛ ቤት ከጥምቀት ቅርጫ የተረፈውን ሥጋ ቀይ ወጥ ሠራ። ከአጥራችን ወዲያ ያሉት እትዬ ዘይነብ፣ የጓደኛዬ የፋጡማ እናት፣ «ለልጄ ክፍል ነው» ብለው ጠቦት አሳርደው የእኛን ሁለት እጥፍ የሚሆን ወጥ ሠሩ። ዋዜማውን እናቴ የሁለቱንም ድስት ጆሮ እንደ ልማዷ ቋጠረችው፤ የጎረቤት ልጆች የሚወስዱትንም ጭምር። አረንጓዴና ነጭ።

ጠዋት ምግቡ ገብቶ ሲያልቅ ቲቸር አግዳሚ ወንበር ልታስመጣ ወጣች። «አለቃ፣ ጠረጴዛዎቹን አሰናጂ፤ በየምድባቸው ይሁኑ» አለችኝ። ይሄን ቃሏን ዛሬም እሰማዋለሁ። የኃይል ሰጪው ጠረጴዛ ሰፊ ነው፣ የበሽታ ተከላካዩ በብርቱካንና በካሮት አምሮበታል። የእኔ ገንቢ ግን ሕዝብ የሚጋፋበት አውቶቡስ መሰለ፤ ስድስት ጥላሸት የለበሰ ድስት፣ በየጆሮው የተቋጠረ አሮጌ ጨርቅ፣ መሃል ላይ የት እንደገባ የማይታይ እንቁላል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አየሁት። አንድ ሳህን ሥጋ። ቲቸር ለፍራፍሬው ብላ ያመጣችው አዲስ ሳፋ ጥግ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ጨርቆቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ንጹሕ ልጅ ስለነበርኩ አጣጥፌ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። ከዚያ ድስቶቹን አነሳሁ።

ፋጡማ ብቻ ናት የተናገረችው። «ኧረ ይሄኛው እኮ የእናቴ ነው» አለች፣ የመጀመሪያውን ድስት ገልብጬ ሁለተኛውን ሳነሳ።

«እዚህ የእናትሽ የሚባል የለም» አልኳት። «ገንቢ ነው።»

ሁሉንም ገለበጥኩት። መልኩ አንድ ዓይነት እንዲሆን በትልቁ ጭልፋ አማሰልኩት። እንቁላሉን ዙሪያውን ደረደርኩበት። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እዚህ ላይ ነው፤ አታውቂም ነበር ወይ ይሉኛል። እንዴት አላውቅም? እግሬ መሄድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ አውቃለሁ፤ በእናቴ ቀሚስ ጫፍ ተንጠልጥዬ ያደግሁት በሁለት ጓዳ መካከል ነው። ግን ያን ቀን፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ሥጋው ከማንም ቤት የመጣ አልመስል አለኝ። ከመጽሐፉ የመጣ ነበር የመሰለኝ። ቤት የማውቀውን ቤት ትቼ የገባሁ ተማሪ ነበርኩ፤ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ።

ወላጆች ገቡ። ሴቶቹ ነጠላና ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው ደረታቸው ደርሶ ተቀመጡ። ከፊት የሰፈራችን ቄስና ሸህ ይማም እንደ ሁልጊዜው ጎን ለጎን ናቸው። እናቴና እትዬ ዘይነብ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እየተሳሳቁ ነበር። ቲቸር በሩ ጋ ቆማ፣ በፈገግታ፣ ጀምሪ አለችኝ በዓይኗ። በበትሬ እየጠቆምኩ ኃይል ሰጪውን ጨረስኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ወደ ገንቢው ዞርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ፣ እንዲህ አልኩ፤

«ይህ ገንቢ ምግብ ነው። ከየቤቱ የመጣው ሥጋ ሁሉ፣ ዓይነቱ አንድ ስለሆነ፣ በአንድ ሳፋ ተደርጓል።»

እኔ ጭብጨባውን እየጠበቅኩ ነው። እትዬ ዘይነብ ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው አንገታቸውን አሰገጉ፤ ድስታቸውን እየፈለጉ ነበር። እናቴ ጠረጴዛውን አላየችም። መስኮቱን አየች፤ አጣጥፌ የደረደርኳቸውን ጨርቆች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ተቆጥታ ብታየኝ በቀለለኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ሰው በአደባባይ ነጠላው ከላዩ ሲወድቅበት የሚያሳየው ፊት ነበር። ያኔ ገባኝ። በትሩን ወደ ታች አወረድኩት። የቲቸር ፈገግታ እዚያው ፊቷ ላይ እንዳለ ቀርቶ፣ መሄጃ አጥቶ ቆመ።

ቀድመው የተናገሩት ሸህ ይማም ናቸው። «ማሻ አላህ፤ ድምፅሽ ጥሩ ነው የኔ ልጅ» አሉና ማጨብጨብ ጀመሩ። ቄሱ ተከተሉ። ከዚያ ሁሉም። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። ማንም አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም፤ የእኛ ሰው እንግዳ ፊት አያሳፍርም። ብቻ ሲበሉ ሁሉም ወደ ሽሮው፣ ወደ ጎመኑ፣ ወደ ብርቱካኑ ሄዱ። ሽሮው እንዴት ይጣፍጣል ይባባላሉ። ሽሮ ያን ያህል ሲወደስ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ዘይነብ አምስት ጊዜ «ጎመኑን ማን ነው የሠራው?» አሉ። ሥጋው መሃል ላይ፣ በእንቁላል ታጥሮ፣ እንደ ሬሳ ተከብሮ ተቀመጠ። በኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን አውርዳ ሸፈነችው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ላሉ ውሾች ያን ቀን ዓመት በዓል ሆነላቸው፤ የእትዬ ዘይነብ ጠቦትና የአባቴ ቅርጫ አብረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ትምህርት ቤት ምግብ የሚቀርበው በሥዕል ብቻ ነው። ቅድስት ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስም ወጣልኝ። «ገንቢ መጣች፣ ምሳችሁን ሸፍኑ!» ይሉኛል ወንዶቹ። ስሙን እንኳ ቻልኩት። ያልቻልኩት የእናቴን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአንድ ባለሱቅ ልጅ ሰርግ ነበር፣ ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር። ለወትሮው ከሳምንት በፊት መጥተው ይወስዷታል። እሑድ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ ፀጉሯን በሻሽ አሰረች፣ የሥራ ቀሚሷን ለበሰች፣ ወገቧን በመቀነት አጠበቀች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። ከበሮው ተጀመረ። እልልታው ተሰማ። የሚመጣ የለም። ወደ ቀትር ሻሹን ፈትታ ቅመም መልቀም ጀመረች። ወቅሳኝ አታውቅም። ማታ ግን ከአባቴ ጋር ስታወራ በግድግዳው ሰማሁ። አባቴ ልጅ ናት፣ ሰው ይረሳዋል ሲላት፣ «ሰው ምን ያድርግ?» አለች። «የገዛ ልጇን ያላስተማረች ናት። እኔም ብሆን አልጠራኝም።»

ከዚያ ሌላ ሰርግ መጣ፣ ሌላ ሰደቃ መጣ፤ አልተጠራችም። ገበያ ሰላምታው አልጎደለባትም፤ ሁሉም «አስካለ፣ ደህና ነሽ? ልጆቹ ደህና?» ይላታል። ልጆቹ ሲል ግን ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ወይ ለእኔ ይመስለኝ ይሆናል። እናቴ ገበያ ልትልከኝ ስትል እግሬን አሞኛል እላለሁ። ከፋጡማ ጋር አጥር ለአጥር ሆነን መነጋገር አቆምን፤ እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ ያቆምኩት፣ እናቷን እንዳላይ።

በፋሲካ ማግስት እትዬ ዘይነብ ሳያንኳኩ ገቡ። የፋጡማ ታላቅ እህት ልትዳር ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። እኔ ወደ ጓዳ ልሸሽ ስል «ቁጭ በይ» አሉኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል፣ «ሐሙስ ሽንኩርት እንከትፋለን። እንዳታረፍጂ» አሏት።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሌላ ሰው አላገኘሽም ዘይነብ?»

«ሰውማ ሞልቷል። ይቺንም ይዘሻት ነይ።»

«ይቺንስ ተያት። ሰው ያያታል።»

«እንዲያያት ነው የምለው» አሉ እትዬ ዘይነብ። «እስከ መቼ አልጋ ሥር ትኖራለች? ወላሂ እኔ ጠቦቴን ረስቼዋለሁ፤ ይቺ ልጅ ግን አልረሳችውም። አጥሬ ላይ ስታየኝ እንደ ሌባ ነው የምትሮጠው።»

በሰርጉ ቀን ድንኳኑ እስከ መንገዱ ድረስ ነበር። አስተናባሪ ሆኜ በሁለቱ ጓዳዎች መካከል ቆምኩ። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፤ ከዚህ ወደዚያ ስትሻገሪ እጅሽን ታጠቢ፣ ሲቀዳ ስላላየሽው ነገር አፍሽን አትክፈቺ። ጠዋቱ በመጥረግና በውኃ መቅዳት አለፈ። እኩለ ቀን ላይ እትዬ ዘይነብ የሙስሊም ሽማግሌዎቹን ትሪ ራሳቸው አሸከሙኝ። እናቴ ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፤ እትዬ ዘይነብ እጇን ያዟት።

ወደ ድንኳኑ ገባሁ። ከደጎሎ ከተማ የመጡ እንግዶችም ነበሩ፤ እነሱ አያውቁኝም። የእኛ ሰፈር ሰዎች ግን ትሪውን ሳይሆን ተሸካሚውን አዩ። ከጥግ አንዱ «ገንቢ ናት እኮ!» አለ፤ ሳቁ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ሄደ። ትሪውን ሽማግሌዎቹ መሃል አስቀመጥኩት። እጃቸውን ታጥበው የነበሩት ሁሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ማንም አልዘረጋም። ከኋላዬ እናቴ መምጣቷን ሳላያት አወቅኩ፤ አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር፣ አልተናገረችም። ሸህ ይማም ቀና ብለው እሷን አላዩም። እኔን አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ከየትኛው ጓዳ ነው?»

«ከእናንተው ነው፣ አባባ። ሲቀዳ ቆሜ አይቻለሁ።»

«ከድስቱ ጀምሮ?»

«ከድስቱ ጀምሮ።»

«እንግዲያስ ምን እንጠብቃለን» አሉና «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ጎረሱ። አላመጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ ሸህ ይማም ጥሩ አድርገው አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ፣ ወደ አፌ ሰነዘሩ፣ አጋማሽ ላይ ቆሙ። የክርስቲያን ልጅ መሆኔ ትዝ አላቸው። ሳቁ፤ ጎናቸው ያሉትም ሳቁ። «አይ እኔ! ዛሬስ ቀላቃዩ እኔው ልሆን ነበር» አሉና ጉርሻውን ለራሳቸው ጎረሱት። «አንቺን የእናትሽ ጓዳ ያጉርስሽ።»

ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ሲያጨበጭቡልኝ ያልወጣው እንባ ነው የወጣው። ያን ቀን ካፈርኩት ይልቅ ይሄኛው ይብሳል፤ ሰው ጥፋትህን ሲነግርህ ቢያንስ የምትመልሰው ነገር አለህ። እኚህ ሰው ግን ይገባኛል ከምለው በላይ አመኑኝ፤ ለዚያ ምን ይመለሳል? እናቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አቅፋ አላባበለችኝም፤ አብሽሪም አላለችኝ። ማንቆርቆሪያውን ዘንበል አደረገችልኝ።

«እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ። «አሁን የእኛዎቹ ተራ ነው።»